በዝናብ ቀን ጥንቸል ማደን፦ የአራት ቢግል ውሾች ጉዳይ

ይህ ጉዳይ ለምን ተመዘገበ

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር አንድ ወዳጄ ዝናብ በበዛበት አንድ የብርድ ወቅት ከአራት አዳኝ ውሾቹ ጋር ያየውን ውጣ ውረድ በጽሑፍ ማስቀረት የፈለግሁት በሁለት ምክንያት ነው። ውሻ ፈለግ ሲጠፋበት አብዛኛው ሰው ጥፋቱን የሚጭነው በውሻው ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ውሾቹ ጤነኞች ነበሩ፤ አፍንጫቸውም የተመሰከረለት ነበር። መለወጥ የነበረበት ሰውየው የሚወጣበት ሰዓትና የሚመርጠው ቦታ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይከብዳል። በእርጥብና በቀዝቃዛ ቀን አደኑ መቼ መቆም እንዳለበት አስቀድሞ ባለመወሰኑ አንዲት ወጣት ውሻ ለሞት ተቃርባ ነበር።

ባለቤቱ ነገሩ እንዲጻፍ ፈቅዷል። የእሱም፣ የጎረቤቶቹም፣ የእንስሳት ሐኪሟም ስም አልተጠቀሰም። እዚህ ከተገለጸው ከፊሉን አብሬው ወጥቼ ያየሁት ነው፤ የቀረው ከማስታወሻ ደብተሩና ከውሾቹ የሕክምና ካርድ የተወሰደ ነው።

ሰውየው፣ ውሾቹና መሬቱ

ወዳጄ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ከሪችመንድ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አደኑን ያስተማሩት ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ገበሬ ናቸው። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሁለት ውሾቻቸውን ከነማጓጓዣ ሳጥናቸው ሰጡት፤ የቀሩትን ሁለቱን እሱ ጨመረ።

ሥጋውን አይበላም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ጥንቸል ከማይበሉት እንስሳት አንዷ ናት፤ ብታመሰኳም ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ እንደማትበላ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቁጥር 6 ተጽፏል። አብረውት የሚኖሩት እናቱ ጥንቸል የነካ ቢላዋ ወደ ወጥ ቤታቸው እንዲገባ አይፈቅዱም። ስለዚህ የተገኘው ሁሉ በአዛውንቱ ግቢ ተገፎ ለእሳቸውና ለልጆቻቸው ቤት ይከፋፈላል። ታዲያ ለምን ታድናለህ ለሚሉት ሰዎች የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የውሾቹን ድምፅ ለመስማት። አብሬው ስለወጣሁ ይገባኛል። ቢግል ፈለግ ሲይዝ የሚያሰማው ረጅም ጩኸት በቁጥቋጦ ውስጥ የማይታየውን ሩጫ ሁሉ በጆሮ ያሳያል።

ቢግል አጭር፣ ጠንካራና ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ ነው። በአሜሪካ ሁለት መጠን አለው፤ አንደኛው ቁመቱ ከ33 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ሌላው እስከ 38 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ። ቨርጂኒያ ለዚህ ዝርያ ባዕድ አይደለችም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የቢግል ክለብ አልዲ በምትባል የዚያው ግዛት መንደር ከ1916 ጀምሮ የራሱ መሬት አለው። በውሻ አፍንጫ ውስጥ ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ከ200 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ በሰው አፍንጫ ያሉት 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። የወዳጄ አራቱ ውሾች አንዲት አንጋፋ እንስት፣ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ወጣት ነበሩ።

የሚታደነው ጅራቱ ከሥሩ ነጭ የሆነው የምሥራቅ አሜሪካ የዱር ጥንቸል ነው። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ነው። እንደ አውሮፓው ጥንቸል የራሱን ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ቀኑን ሣር ወይም እሾህ ሥር በሰውነቱ ልክ በተጋደመባት ጎድጓዳ ስፍራ ተኝቶ ያሳልፋል። ሲባረር ከሚያውቀው ሰፈር መራቅ ስለማይወድ ዞሮ ወደ ተነሣበት አካባቢ ይመለሳል። የዚህ አደን ስልት በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ባሕርይ ላይ ነው። ውሾቹ ሽታውን ተከትለው በዝግታ ይዞራሉ፤ ሰውየው ጥንቸሉ በተነሣበት አቅራቢያ ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል።

መሬቱ ድሮ ትምባሆ ይዘራበት የነበረ፣ አሁን ጠፍ የሆነ እርሻ ነው። አፈሩ በመካከለኛው ቨርጂኒያ የተለመደው ቀይ ሸክላ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጫማ የሚያወልቅ ማጥ ይሆናል። ከታች ጅረት፣ ከጅረቱ በላይ የዱር እንጆሪ እሾህና ሐረግ የወረሰው ተዳፋት፣ ከዚያ በላይ የጥድ ችግኝ አለ። በምሥራቅ በኩል ያለው መሬት ባለቤት አዳኝ እንዲገባበት አይፈቅድም። በግዛቱ ሕግ የጥንቸል አደን ወቅት ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ሲሆን አንድ ሰው በቀን ከስድስት በላይ መያዝ አይችልም።

ችግሩ

ኖቬምበር ደረቅና መልካም ነበር። ከዲሴምበር አጋማሽ በኋላ ግን ዝናቡ ማባሪያ አጣ። የወዳጄ የዕረፍት ቀን ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ ዘነበም አልዘነበም ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ይወጣ ነበር፤ ያንኑ የጅረት ዳር ከታች ወደ ላይ ያስሳል።

በመጀመሪያ ጥንቸሎቹ ጠፉ። በኖቬምበር በየመቶ እርምጃው ይነሡበት የነበረው የጅረት ዳር ባዶ ሆነ። አልፎ አልፎ አንዷ ስትነሣ ደግሞ ውሾቹ ጥቂት ርቀት እየጮኹ ሄደው ድንገት ዝም ይላሉ፤ ከዚያ አንገታቸውን አቅንተው ወደ ሰውየው ያያሉ። ወጣቷ በዚህ ዝምታ ትዕግሥት አጣች። ሽታ ሳይኖራት እየጮኸች ወደፊት መሮጥ ጀመረች፤ ወንድማማቾቹም በድምፅዋ እየተታለሉ ተከተሏት። አንድ ቀን ይህ ሩጫ አጋዘን ላይ ጥሏቸው ሦስቱም ወደተከለከለው መሬት ተሻገሩ። ከሰዓታት ፍለጋ በኋላ የተገኙት በመንገድ ዳር ነበር።

በዚያ ሳምንት የአንጋፋዋ ጅራት ወደቀ። ከሥሩ ሦስት ጣት ያህል ቀጥ ብሎ ወጥቶ የቀረው እንደ እርጥብ ገመድ ተንጠልጥሏል። መቀመጥ ፈራች፤ ሥሩን ሲነኳት ታቃስታለች። ባለቤቱ ጅራቷ የተሰበረ መስሎት ደነገጠ። ሐኪሟ ግን ስብራት አለመሆኑን ነገረችው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብዙ የሮጠ አዳኝ ውሻ የጅራት ጡንቻው ሲጎዳ የሚታይ ሕመም ነው፤ ዕረፍትና ሙቀት ካገኘ በቀናት፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ሳምንት ይለቃል። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ እንዳይሰጣትም አስጠነቀቀችው፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያለው የውሻን ሆድና ኩላሊት ይጎዳል።

በዚህ ጊዜ የወዳጄ ድምዳሜ ወጣቷ ውሻ ሌሎቹን አበላሽታለች የሚል ነበር። ሊሸጣት አስቦ ገዢ ማፈላለግ ጀምሮ ነበር።

ውኃ ሽታን ምን ያደርገዋል

ከእርምጃዎቹ በፊት ይህን ማስረዳት አስፈላጊ ነው፤ የተደረገው ለውጥ ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ። ጥንቸል ስትሮጥ ከገላዋ የሚረግፉ ደቃቅ የቆዳ ቅርፊቶችና ቅባቶች ሣሩ ላይ ይቀራሉ። እነዚህ ሽታቸውን የሚሰጡት እርጥበት ሲያገኙ ነው። ስለዚህ እርጥበት በራሱ የአዳኝ ጠላት አይደለም። ነፋስ የሌለበት ካፊያ፣ ጉም የሸፈነው ጠዋት፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከደረቅ ቀን ይልቅ ለውሻ አፍንጫ ይመቻል። በተለይ መሬቱ ከአየሩ ሞቅ ሲል ሽታው ወደ ላይ ስለሚነሣ ውሻው አፍንጫውን መሬት ላይ ሳይደፋ ይከተለዋል።

የሚጎዱት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ዶፍ ዝናብ ቅርፊቱን አጥቦ ይወስደዋል። ውኃ የቆመበት ራቁት ሸክላ ሽታ አይዝም፤ ሣርና የረገፈ ቅጠል ግን ይይዛል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው ደረቅ ቀዝቃዛ ነፋስ ደግሞ ከዝናቡ ያልተናነሰ ፈለግ ያጠፋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ስለወጣ ቀኑ የአደን ይመስላል።

ጥንቸሏም በበኩሏ ሰፈር ትለውጣለች። ፀጉሯ ውኃ ከገባው ሙቀቷን ስለምታጣ ረግረጉን ትታ ወደ ከፍታው ትወጣለች። የተከመረ ቅርንጫፍ ሥር፣ የወደቀ ዛፍ ሥር፣ ጥቅጥቅ ያለ ሐረግ ውስጥ፣ አንዳንዴም ሌላ እንስሳ በቆፈረው ጉድጓድ ትሸሸጋለች። እዚያ ከገባች በቀላሉ አትነሣም፤ ሰው አጠገቧ ቢያልፍ እንኳ ተለጥፋ ትቀራለች።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ለውጡን ያስጀመሩት አዛውንቱ ናቸው። ወዳጄ ስለ ውሾቹ ሲያማርር ሰምተው፣ «ዝናቡ መቼ ነበር ያቆመው?» ብለው ጠየቁት። አላወቀም። «እሱን ሳታውቅ ውሻ ልትሸጥ ነው?» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዘ። ዝናቡ የጀመረበትንና ያባራበትን ሰዓት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ሙቀቱን፣ ጥንቸል የተነሣችበትን ቦታ፣ ውሾቹ ፈለጉን የጣሉበትን ቦታ ይጽፋል። ሥርዓቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታየው። መልካሞቹ ሩጫዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በካፊያ ወይም ካባራ በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ነፋስ በሌለበት ነበሩ። ጎህ ላይ መውጣቱም ጥቅም አልነበረውም፤ ጥንቸል ሌሊት ስትመገብ ቆይታ ወደ መኝታዋ የምትገባው ማለዳ ስለሆነ ፈለጉ የተምታታ ነው፣ ብርዱም የከፋ ነው። የቅዳሜ መውጫውን ወደ ረፋድ አዛወረው፤ ዶፍ ከሆነ ይጠብቃል፣ እስከ ቀትር ካላባራ ይቀራል። ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ አንዳንድ ቅዳሜዎችን ከሥራ ቀን ጋር መለዋወጥም ቻለ።

ቦታውንም ለወጠ። የጅረቱን ዳር ትቶ የተዳፋቱን ወደ ደቡብ የሚያይ ገጽ፣ የቅርንጫፍ ክምሮቹን፣ የፈረሰውን የትምባሆ ማድረቂያ ዙሪያ ማሰስ ጀመረ። ጥንቸሏ በራሷ ስለማትነሣ ውሾቹን ቁጥቋጦ ላይ ከመልቀቅ ይልቅ እሱ ራሱ ክምሩን እየረገጠ ያነሣታል። የአዛውንቱ ምክር ይህ ነበር፤ በደረቅ ቀን ውሻው ጥንቸሏን ያገኝልሃል፣ በእርጥብ ቀን አንተ አግኝለት። ውሾቹ ከመኝታዋ ትኩስ ሽታ ላይ ሲጀምሩ ፈለጉን የመያዝ ዕድላቸው በግልጽ ጨመረ።

አራቱን አንድ ላይ መልቀቅም ቀረ። በደካማ ሽታ ላይ አራት ውሻ እርስ በርሱ ይሽቀዳደማል፣ ፈለጉንም ይረጋግጠዋል። አንጋፋዋ ጅራቷ ሲሻላት ከሁለቱ ወንድማማቾች ዝግተኛው ጋር ተጣመረች። ወጣቷ ለጥቂት ጊዜ በማሰሪያ ተይዛ እንድትመለከት ተደረገ፤ ከዚያ ከአንጋፋዋ ጋር ብቻ ተለቀቀች። ይህ ውሳኔ ከሁሉም በላይ ውጤት አምጥቷል ብዬ አምናለሁ። ወጣት ውሻ ልማዱን የሚወስደው አብሮት ከሚሮጠው ነው፤ አንጋፋዋ ሽታ ከሌለ ድምፅ አታሰማም።

ፈለግ ሲጠፋ የሰውየው ተግባርም ተለወጠ። ድሮ ወደ ውሾቹ ሄዶ «እዚህ! እዚህ!» እያለ ያጣድፋቸው ነበር። አሁን ባለበት ይቆማል። ጥንቸል ስትባረር በራሷ ዱካ ወደ ኋላ ተመልሳ ወደ ጎን ትዘላለች፤ ወይም ጠጠር መንገድ፣ ወይም የውኃ ዳር ትከተላለች። አንጋፋዋ ይህን ስለምታውቅ መጨረሻ ከጮኸችበት ነጥብ ተነሥታ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ትሠራለች። አንድ ጊዜ በቅርብ አይቻለሁ። ቀይ ሸክላው መንገድ ላይ ደርሳ ዝም አለች፤ መንገዱን ሳታሸት ተሻገረችና በማዶው ዳር ያለውን ሣር አንድ በአንድ እየነካካች ሄደች። አንድ የተጎነበሰ የደረቀ ሣር ላይ አፍንጫዋን አሳርፋ ቆየች፤ ጅራቷ መወዝወዝ ጀመረ፣ ቀጥሎ ድምፅዋ ወጣ። ያን ጊዜ ሰው ገብቶበት ቢሆን ኖሮ ያ ሣር ተረግጦ ነበር።

የጎረቤት መሬት ጉዳይ በሁለት መንገድ ተያዘ። ውሾቹ ሁሉ ቦታቸውን በሳተላይት የሚያሳውቅ የአንገት ማሰሪያ ተደረገላቸው። ወዳጄም ወቅቱ ሳያልቅ ወደ ጎረቤቱ ቤት ሄዶ በሩን አንኳኳ። በቨርጂኒያ ሕግ ከተፈቀደ መሬት አደን የጀመረ ውሻ ወደ ተከለከለ መሬት ቢሻገር ባለቤቱ ገብቶ ሊያወጣው ይችላል፤ ጠመንጃም ሆነ ቀስት ግን መያዝ አይችልም፤ የመሬቱ ባለቤት ከጠየቀውም ማንነቱን የመናገር ግዴታ አለበት። ሕጉ ይፍቀድ እንጂ በጭቃ የተለወሰ እንግዳ ሰው ድንገት በግቢው ሲዞር ማንም አይደሰትም። ጎረቤቱ ፊት ለፊት ከተነገረው በኋላ ስልክ ቁጥሩን ሰጠ፤ ውሻ ካየም ራሱ ይደውላል።

ለሞት ያቃረበው ቀን

እነዚህ ለውጦች ውጤት ማሳየት ጀምረው ሳለ ነው በጃንዋሪ መጨረሻ ይህ የደረሰው። ቀኑ ካፊያ ነበር፣ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ፣ ሽታውም ጥሩ። ውሾቹ በደንብ ስለሮጡ ወዳጄ ማቆም አልፈለገም። ወጣቷ ጅረቱን ሁለት ጊዜ ዋኝታ ተሻገረች። ከቀትር በኋላ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ።

መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ መንቀጥቀጧ ቆመ፤ ባለቤቱ ሞቃት የሆነች መስሎት ደስ አለው። አደገኛው ምልክት ግን ይህ ነው። የሰውነት ሙቀት ከመጠን በላይ ሲወርድ መንቀጥቀጥ ይቆማል። ጥቂት ቆይታ የኋላ እግሮቿ ተጠላለፉ፤ ስትጠራ ቀና አላለችም። ድዷ ገርጥቶ፣ ጆሮዋ በረዶ ሆኖ ነበር።

ተሸክሞ ወደ መኪናው ሮጠ። እርጥብ ማሰሪያዋን አውልቆ በፎጣ አደረቃት፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቀለላት፣ የመኪናውን ማሞቂያ ከፈተ። ቴርሞሱ ውስጥ የነበረውን ሙቅ ውኃ ከቀዝቃዛ ጋር አቀላቅሎ በጠርሙስ ሞላ፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልሎ በጎኗ አስቀመጠ። ጠርሙሱን በቀጥታ ቆዳዋ ላይ ማድረግ የተቃጠለ ቁስል ሊያስከትል ይችል ነበር። ምላሷን አንቀሳቅሳ መዋጥ ስትጀምር ጥቂት ማር ድዷ ላይ ቀባላት። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ሙቀቷ ከ36 ዲግሪ በታች ነበር፤ የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ነው። የደሟ ስኳርም ወርዶ ነበር። ቀስ በቀስ እየተሞቀች፣ በደም ሥር ፈሳሽ እየተሰጣት አድራ በማግሥቱ ወደ ቤት ተመለሰች።

የሐኪሟ ጥያቄ ስለ ምግብ ነበር። ወዳጄ ውሾቹ ክብደት እንዳይጨምሩ ብሎ በአደን ወቅት ምግባቸውን ይቀንስ ነበር፤ ይህ በብዙ አዳኞች ዘንድ የሚሰማ የቆየ እምነት ነው። ወጣቷ ትንሽና ቀጭን፣ ስብ የሌላት ስለሆነች የምታቃጥለው አልነበራትም። እዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው፤ በብርድ የሚሠራ ውሻን ማስራብ ጭካኔ ነው፣ ለአደኑም አይጠቅምም። ከዚያ በኋላ የምግቡ መጠንና ስቡ ተጨመረ፤ ዋናው ምግብ ማታ ይሰጣል፣ በአደኑ መካከል ጥቂት ይቆረስላቸዋል። ሆድ እስኪሞላ አብልቶ ወዲያው ማስሮጥም ጎጂ ስለሆነ ጠዋት ብዙ አይሰጣቸውም።

የማቆሚያ ደንብም ተጻፈ፣ በማጓጓዣ ሳጥኑ ክዳን ላይም ተለጠፈ። ከ5 ዲግሪ በታች ዝናብ ካለ ከሁለት ሰዓት የሚረዝም አደን የለም። ጅረት የዋኘ ውሻ ወዲያው እንዲደርቅ ይደረጋል፣ ተራው ያበቃል። የሚንቀጠቀጥ ውሻ ካለ የሁሉም አደን በዚያው ያበቃል፣ ሩጫው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን።

ያልሠሩ ነገሮች

ከአደጋው በኋላ ለወጣቷ ውኃ የማያስገባ የገላ ልብስ ተገዛላት። እሾህ ውስጥ ተይዞ አስቀራት፤ በብብቷ ሥር ቆዳዋን ልጦ አቆሰላት፤ ውስጡ የገባው ውኃም አልወጣም። ለቆመ ወይም በጀልባ ላይ ለሚጠብቅ ውሻ ይጠቅም ይሆናል፤ እሾህ ለሚሰነጥቅ ቢግል ግን አልሆነም። አሁን የምትለብሰው አደኑ ካበቃ በኋላ፣ በመኪና ውስጥ ብቻ ነው።

ፊሽካውን አብዝቶ መንፋትም ጎድቷል። ውሾቹ ፈለግ እያጣሩ ሳለ በየደቂቃው ሲጠሩ ሥራቸውን ጥለው መምጣት ለመዱ። የሳተላይት ማሰሪያው በጣም ረድቷል፤ ሆኖም በጥቅጥቅ እርጥብ ደን ውስጥ መልእክቱ የሚደርስበት ርቀት ስለሚያጥር ብቻውን አያስተማምንም። የውሾቹ ሳጥን ውስጥ ይነጠፍ የነበረው ብርድ ልብስ እርጥበት ይዞ ስለሚያድር በገለባ ተተካ፤ ገለባው በየጊዜው ይቀየራል።

ጠመንጃና ሥጋ

በእርጥብ ቀን መነጽር ይደፈናል፣ እግር ይንሸራተታል፣ የጠመንጃ አፍ ጭቃ ይነካል። የአፈሙዙን ጭቃ ሳያዩ መተኮስ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል። ጥንቸል ዝቅ ብላ ስለምትሮጥ ደግሞ ውሻውም ሰውም በተኩሱ መስመር ላይ ሊገኝ ይችላል። ወዳጄ አጥር ሲሻገር ጥይቱን ያወጣል፤ ከጥንቸሏ ኋላ ያለው መሬት ካልታየው አይተኩስም። የአጋዘን አደን በጠመንጃ በሚፈቀድበት ጊዜ በሕግ ከታዘዙት ደማቅ ቀለማት አንዱ የሆነውን ብርቱካናማ ልብስ እሱ ወቅቱ ካለፈም በኋላ አያወልቅም፤ ጉም ውስጥ ጎልቶ ይታያልና።

ሥጋ ሲገፈፍ ጓንት ግዴታ ነው። ቱላሪሚያ የሚባል በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ አለ፤ በ1911 በካሊፎርኒያ ቱላሬ አውራጃ ተለይቶ ስሙን ከዚያ ያገኘ ነው። ከታመመች ጥንቸል ወደ ሰው በቆዳ ጭረት በኩል ይገባል፤ እሾህ ውስጥ የዋለ አዳኝ እጁ ያለ ጭረት አይመለስም። ጉበቷ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ የታየባት ጥንቸል አትበላም፣ ለውሻም አትሰጥም። የቀረውም ውስጡ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ይበስላል። ደንዝዛ የምትቀመጥ፣ ሰው ሲቀርብ የማትሮጥ ጥንቸል ከመጀመሪያውም አትነካም።

ለውሾቹ ትልቁ የእርጥበት ወቅት ስጋት ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው። ባክቴሪያው በአይጥና በዱር እንስሳት ሽንት ወደ ኩሬና ጭቃ ይገባል፣ በእርጥብ አፈር ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ኩላሊትና ጉበት ያጠቃል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። የወዳጄ ውሾች ከየኩሬው ይጠጡ ነበር፤ ክትባቱን ግን አንዳቸውም አልወሰዱም። በሐኪሟ ምክር ሁሉም በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተከተቡ፤ ከዚያ በየዓመቱ ይታደሳል። ንጹሕ ውኃም ከቤት ተይዞ ይወጣል።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

በሌላ አገር፣ በሌላ ዝርያ ውሻ የሚያድን ሰው ከዚህ ጉዳይ የሚወስደው ከሁሉ በፊት የደብተሩን ነገር ነው። ወዳጄ ዓመታት ያደነበትን መሬት ያወቀው ዝናቡ መቼ እንዳባራ መጻፍ ከጀመረ በኋላ ነው። አየሩን፣ ቦታውንና ውሾቹ ዝም ያሉበትን ነጥብ ሳያስተያዩ በውሻ ላይ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ማቆሚያው ከቤት ሳይወጡ መወሰን አለበት። ሜዳ ላይ፣ ውሾቹ እየጮኹ ሳለ የሚወሰን ውሳኔ ሁልጊዜ «ጥቂት ጊዜ እንጨምር» የሚል ነው። ሙቀቱ፣ የሰዓቱ ገደብ፣ ውኃ የነካው ውሻ ዕጣ ቀድሞ ይጻፍ። ፎጣ፣ ደረቅ ብርድ ልብስ፣ ማር፣ ቴርሞሜትርና ሙቅ ውኃ ከጥይት ቀድመው መኪና ውስጥ ይግቡ።

በደካማ ሽታ ላይ ዝግተኛ ውሻ ይመረጣል፤ ፈጣኑ የሚያልፈውን እሱ ያገኘዋል። ብዙ ገዢዎች ሩጫውን አይተው ውሻ ይመርጣሉ፤ እኔ ግን ፈለግ የጠፋ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ሳላይ አልመርጥም።

ከእርጥብ ቀን በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት የአደኑ አካል ነው። ውሻው ይደርቃል፣ የተንጠለጠለው ጆሮ ተገልጦ ውስጡ ይጠረጋል፣ ጣቶቹ መካከል እሾህ ይፈለጋል፣ የጅራቱ ጫፍ ይታያል። በዚህ ጉዳይ ሁለት የጆሮ ሕመሞች የተገኙት በዚሁ ፍተሻ ነው፤ ገና ሳይጠኑ ታክመዋል።

ወቅቱ ሲያልቅ ወዳጄ ከቀድሞው ያነሱ ቀናት ወጥቷል፤ በወጣባቸው ቀናት ግን ውሾቹ ጥንቸሏን ሙሉ ክብ ያዞሩባቸው ሩጫዎች በዝተዋል። ወጣቷ አልተሸጠችም። ከአንጋፋዋ ጋር ስትሆን ያለ ሽታ መጮኋን ትታለች፤ ከወንድማማቾቹ ጋር ስትለቀቅ ግን በነፋሻ ቀን ወደ ድሮ ጠባይዋ ትመለሳለች። ስለዚህ በሚመጣው ወቅት በእርጥብ ቀን የምትወጣው ከአንጋፋዋ ጋር ብቻ ነው፤ ወንድማማቾቹ የሚሮጡት በደረቅ ቀን ይሆናል። አንጋፋዋ ዕድሜዋ እየገፋ ስለሆነ ባለቤቱ ከእሷ ዘር አንድ ቡችላ ለማስቀረት ከሐኪሟ ጋር እየተመካከረ ነው።